ጎበዙ ልጅ ሲያረፍድ፦ በታዳጊ ቡድን ዲሲፕሊንና ተሰጥኦን አብሮ ማስኬድ

ከ15 ዓመት በታች ቡድን የያዘ አሰልጣኝ እንዲህ ዓይነት አንድ ልጅ አያጣም። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ የተጋጣሚው አሰልጣኝ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ልምምድ ላይ ግን ሌሎቹ ሰውነታቸውን አሟሙቀው ሲጨርሱ እሱ ታኬታውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ እየተንቀራፈፈ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በየሜዳው እናውቀዋለን። አሰልጣኙ መስከረም ላይ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ ኅዳር ላይ ያጉረመርማል፣ ጥር ላይ ቡድኑ ሁለት ግጥሚያ ሲሸነፍ ንዴቱ ይገነፍልና ልጁን በሰው ፊት ያባርረዋል። በሳምንቱ ሽማግሌ ይላክና ልጁ ይመለሳል። የቀሩት ልጆች ይህን ሁሉ ቆመው ያያሉ።

እኔ ጠንካራ ከሚባሉት አሰልጣኞች ወገን ነኝ። ግን ጥብቅነት ቦታ አለው። ሰዓት፣ አፍ፣ እጅና ዕቃ ላይ ለማንም ልዩነት አላደርግም። ኳስ ይዞ ሰው ማለፍ፣ ያልታሰበ ነገር መሞከር፣ ሞክሮ መነጠቅ ግን ከዲሲፕሊን ጋር ምንም አያገናኘውም። ብዙ ጠንካራ አሰልጣኝ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁን በማርፈዱ መቅጣት ሲገባው በአብዶው ይቀጣዋል፣ ማርፈዱን ደግሞ ልጁ ስለሚያስፈልገው ዝም ይለዋል። ስለዚህ ሁለት ደብተር ያዙ፤ አንዱ የጠባይ፣ አንዱ የኳስ። የምጽፈው ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ 22 ልጆች፣ በሳምንት ሦስት ልምምድ (ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት) እና እሑድ አንድ ግጥሚያ ያለውን ቡድን አስቤ ነው።

ሕጉ አምስት ይሁን፣ ዋጋውም ይጻፍ

ሕግ ሲበዛ አሰልጣኙ ራሱ ይረሳዋል። አምስት ይበቃል፦ ሰዓት ማክበር፣ የሚቀር ልጅ ቀድሞ ማሳወቁ፣ ዳኛንም ተጋጣሚንም ጓደኛንም አለመሳደብ፣ እጅ አለማንሳት፣ ዕቃ ቆጥሮ መመለስ። የትምህርት ቤት ውጤትን የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልጨምርም። ሒሳብ የወደቀን ልጅ ከኳስ ስትከለክሉት ሒሳብ አያጠናም፣ ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ቡድን ይገባል።

ከእያንዳንዱ ሕግ ጎን ዋጋው አስቀድሞ ይጻፋል። ልምምዱ 10 ሰዓት ተኩል ነው ማለት ታኬታ ታስሮ ኳስ የሚነካበት ሰዓት ነው፤ ሜዳው በር ላይ የሚደረስበት አይደለም። እስከ 15 ደቂቃ ያረፈደ ልጅ በሜዳው ዳር ብቻውን 10 ደቂቃ አሟሙቆ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ኮኑንና ኳሱን የሚሰበስበው እሱ ነው። ተናዳችሁ ወይም ቸኩላችሁ ሳያሟሙቅ ወደ ጨዋታ አታስገቡት፤ የጭኑ ጡንቻ ቢሸመቀቅ ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ካረፈደ እሑድ አይጀምርም፣ ከዕረፍት በኋላ ይገባል። ሳያሳውቅ አንድ ልምምድ የቀረም እንዲሁ። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሳያሳውቅ የቀረ ለእሑዱ ግጥሚያ አይመረጥም፣ ግን ማሊያ ሳይለብስ ከቡድኑ ጋር ይመጣል፣ ውኃ ያቀብላል። ዳኛ የተሳደበ ወዲያው ይወጣል፤ ተቀያሪ ባይኖር እንኳ በ10 ሰው እንጨርሳለን። የተማታ የሚቀጥለው ግጥሚያ ያልፈዋል።

ልትከፍሉት የማትችሉትን ዋጋ አትጻፉ። «ሦስት ቀን ያረፈደ ይባረራል» ብሎ የጻፈ አሰልጣኝ፣ በግማሽ ፍጻሜው ዋዜማ ኮከቡ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያረፍድ ሰዓቱን ማየት ያቆማል። እያንዳንዱን ቅጣት ስትጽፉ «ይህ በግማሽ ፍጻሜ ቀን በምርጡ ልጄ ላይ ቢደርስ አደርገዋለሁ ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ካመነታችሁ ቀንሱት። ትንሽ ሆኖ የማይቀር ቅጣት፣ ትልቅ ሆኖ ከሚዘለል ይሻላል።

ከዝርዝሩ ውጪ መሆን ያለባቸው ቅጣቶችም አሉ። መጀመሪያው ሩጫ ነው። «ሃያ ዙር ሩጥ!» የተባለ ልጅ ሩጫን ከጥፋት ጋር አያይዞ ያድጋል፤ ነገ የፍጥነት ልምምድ ስትሰጡት ምን አጠፋሁ ብሎ ያያችኋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ደግሞ እንዲሁ የተጨመረ ሩጫ የዕለቱን ልምምድ ጥራት ይበላዋል። የገንዘብ ቅጣትም አይሆንም፤ የሚከፍለው ልጁ ሳይሆን እናቱ ናት፣ ካልሆነም ከማን ኪስ እንደወጣ አታውቁም። ከልምምድ ወደ ቤት ማባረር ከሁሉ የከፋው ነው። ቤተሰቡ ሜዳ ነው ብሎ ያምናል፣ ልጁ ግን መንገድ ላይ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሰዓት ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። ከጨዋታ ካስወጣችሁት ሜዳው ዳር ተቀምጦ ከዚህ በታች የምጠቅሰውን ሙከራ ይቁጠር።

ኩርኩምና ጥፊ ዛሬም በየሜዳው አለ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሌሎች በሚያዙባቸው ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይከለክላል። ሕጉን እንተወውና፣ የሚመታ አሰልጣኝ ያለው ልጅ ስህተት ይፈራል፤ ስህተት የሚፈራ አጥቂ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት አይገጥምም።

ያረፈደው ለምንድን ነው?

ቅጣቱ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ሁልጊዜ በአንድ ቀን የሚያረፍድ ልጅ ስንፍና የለበትም፤ የዚያ ቀን ሥራ አለበት። ታናሽ እህቱን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውኃ የሚቀዳ፣ ጠዋት ሱቅ የሚከፍት ልጅ በየቡድኑ አለ። እንዲህ ከሆነ ሕጉን አታላሉለት፣ ሰዓቱን ቀይሩለት። «የማክሰኞ ሰዓቱ 11 ሰዓት ነው» ተብሎ ይጻፍ፣ ልጁ ከፈቀደ ለቡድኑ ይነገር፣ ከዚያ በኋላ 11፡05 ለእሱም ማርፈድ ነው። ልጆች አንዱ ለብቻው ሲፈቀድለት የሚከፋቸው ሳይነገራቸው ሲቀር ነው። አስቀድሞ የተነገረን ነገር ከምትገምቱት በላይ ይቀበላሉ።

ጾምም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ማክሰኞ 10 ሰዓት ተኩል ገና በልቶ ይመጣል፤ ቅዳሜ ግን እስከ 9 ሰዓት መጾም የለም። ከባዱን የአንድ ለአንድ ሥራ ቅዳሜ ላይ አድርጉት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ግን ወደ ልምምዱ ማብቂያ ግፉት። በረመዳን የሚጾመው ልጅ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃም አይቀምስም፤ የመጀመሪያዎቹን 40 ደቂቃ የኳስ ንክኪና የቅብብል ሥራ ሠርቶ፣ ተደጋጋሚ ፍጥነት ሩጫ ሳይነካ ቀድሞ ይውጣ። ይህን ያልለየ አሰልጣኝ «ሰነፍ ሆነብኝ» ይላል።

ደብተሩ

ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። ስም፣ ቀን፣ የደረሰበት ሰዓት፣ ምክንያት፣ የቅጣቱ መፈጸም፣ እሑድ የተጫወተበት ደቂቃ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ። የመድረሻ ሰዓቱን እናንተ አትጻፉ፤ ሁለት ልጆች በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ይጻፉ። ያኔ ኮከቡ ከእናንተ ጋር መከራከር ያቆማል፣ የጻፈው ጓደኛው ነዋ።

የደቂቃው ዓምድ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። የቅጣታችን መገበያያ ደቂቃ ነው። ሁሉም ልጅ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ካልተመዘገበ፣ የሚበዛውን ጊዜ ወንበር ላይ ለሚያሳልፈው ልጅ «ከዕረፍት በኋላ ትገባለህ» ማለት ቅጣት ሳይሆን ሽልማት ይሆናል። በሁለት ተከታታይ ግጥሚያ ውስጥ እያንዳንዱ የተመረጠ ልጅ ቢያንስ የአንድ አጋማሽ ያህል ይጫወት። የጨዋታው ሕግ በታዳጊዎች ውድድር ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ መፍቀድ ይችላል፤ ግን የሚወስነው አዘጋጁ ነውና ደንቡን ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት ጠይቁ። ጊዜያዊ ከሜዳ ማስወጣትም ለታዳጊዎች ተፈቅዷል፤ ርዝመቱ ከጠቅላላው ጨዋታ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፣ 35 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ለሚጫወቱ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ማለት ነው። ውድድራችሁ ባይጠቀምበትም ለልምምድ ጨዋታ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጓደኛውን የሰደበ ሁለት ደቂቃ ይውጣ፣ ቡድኑ በጎደሎ ይጫወት።

ካርዱን መመዝገብ የቢሮ ሥራ የሚመስለው አሰልጣኝ ካለ በሰኔ 2013 (እ.ኤ.አ.) የሆነውን ያስታውስ። ዋልያዎቹ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፈው፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች በመግባቱ ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠው። ብሔራዊ ቡድን ላይ ከሆነ፣ የታዳጊ ቡድን ላይማ በየሳምንቱ ይሆናል።

የግጥሚያው ቀን

ኮከቡን ወንበር ላይ የምታስቀምጡበት ቀን ሲመጣ እሑድ ጠዋት አሰላለፍ ሲነበብ እንዳይሰማው። ቅዳሜ ልምምድ እንዳለቀ፣ ሌሎቹ ታኬታቸውን ሲፈቱ፣ ወደ ጎን ጥሩት። ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

«በዚህ ወር ስንቴ አረፈድክ?»

«ሁለት… አይ ኮች፣ ሦስት።»

«ዋጋው ምን ነበር?»

«ከዕረፍት በኋላ መግባት።»

«እሺ። ነገ ከዕረፍት መልስ በቀኝ መስመር ትገባለህ። የግራ ተከላካያቸው ወደፊት መሄድ ይወዳል፣ ጀርባው ክፍት ነው። የመጀመሪያውን አጋማሽ እሱን እያየህ ቆይ፣ በዕረፍት ሰዓት ትነግረኛለህ።»

ቁጥሩንም ዋጋውንም የሚናገረው ልጁ እንዲሆን አድርጉ። ምክርና ተግሣጽ አትጨምሩ፤ ቅጣቱ ራሱ ይናገራል። ወንበር ላይ የሚሠራው ሥራ ስላለውም አያኮርፍም፣ ቢያኮርፍም ዓይኑ ሜዳው ላይ ይቆያል። በእሱ ቦታ የሚገባውን ልጅ ለብቻው አነጋግሩት። «እገሌ ስለተቀጣ ነው የገባኸው» ከተባለ ቦታውን ለባለቤቱ እንደሚጠብቅ ሰው ይጫወታል። ቦታው ያንተ ነው፣ ይህንና ይህን ሥራ ብላችሁ ላኩት።

ከባዱ ነገር ይህ ነው፦ 20ኛው ደቂቃ ላይ 2 ለ 0 እየተሸነፋችሁ ነው፣ ኮከቡ ከጎናችሁ እግሩን እያንቀሳቀሰ ያያችኋል፣ ከኋላ ቲፎዞው ስሙን ይጠራል። አታስገቡት። በ20ኛው ደቂቃ ካስገባችሁት በዓመቱ ውስጥ የጻፋችሁት ሁሉ በዚያች ቅያሪ ይሰረዛል፤ ልጆቹ ዋጋው እንደ ውጤቱ የሚለዋወጥ መሆኑን አወቁ ማለት ነው። የተገላቢጦሹም እውነት ነው። 3 ለ 0 እየመራችሁ «ዛሬ አላስፈለገም» ብላችሁ ጭራሽ አለማስገባት ቃል ማፍረስ ነው። በተባለው ደቂቃ ይግባ። ከገባ በኋላ ጉዳዩ አልቋል፤ ማክሰኞ ላይ በቀልድ እንኳ አይነሳም።

የኳስ ደብተር

አሁን ወደ ሁለተኛው። ሜዳውን በሦስት ክፈሉት። በራሳችን ጎል በኩል ባለው ሲሶ አብዶ የለም፤ ሁለት ንክኪ፣ ቢበዛ ሦስት። መሐል ላይ ከጀርባው የሚሸፍነው ሰው ካለ ይሞክር። በተጋጣሚ ሲሶ ውስጥ ግን ነፃ ነው፤ ኳስ ቢያጣም የሚናገረው የለም፣ እኔም ጭምር። «አቀብል! ልቀቃት!» የሚለው የአሰልጣኝ ጩኸት የሚደርሰው ልጁ ከወሰነ በኋላ ነው፤ ውሳኔውን አያሻሽልም፣ ያዘገየዋል እንጂ። ኳስ እግሩ ላይ እያለች ዝም በሉ። ማቀበል የነበረበት ቦታ ካለ ጨዋታው ሲቆም «ማን ነፃ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ካወቀ ያየው ነገር አለ፣ የመረጠው ሌላ ነው፤ ካላወቀ ግን ችግሩ ራስ ወዳድነት ሳይሆን ቀና ብሎ አለማየት ነው፣ ለእሱ ደግሞ ልምምድ አለው።

ሙከራውን ቁጠሩ። ተቀያሪ ልጅ ወረቀት ይያዝና ኮከቡ ሰው ለማለፍ በሞከረ ቁጥር ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የት ሲሶ፣ አለፈ ወይስ ተነጠቀ፣ ካለፈ በኋላ ምን ሆነ (ምት፣ ለጎል የሚሆን ኳስ፣ ቅጣት ምት፣ ወይም ምንም)። እኔ በተጋጣሚ ሲሶ ከአሥር ሙከራ ሦስቱ ወደ አንድ ነገር ካደረሱ አልነካውም። ሁለተኛውን ሰው ካለፈ በኋላ ሦስተኛውን ሲጠብቅ የሚነጠቅ ከሆነ ወረቀቱ ላይ «አለፈ፣ አለፈ፣ ምንም» እያለ ይደጋገማል፤ ያኔ ወረቀቱን ለልጁ ስጡት። ከእናንተ አፍ ከሚሰማው ይልቅ ጓደኛው የጻፈውን ያነባል።

ሁለት ልምምድ ልጥቀስ። የመጀመሪያው አንድ ለአንድ ነው። 15 በ10 ሜትር ቦታ፣ በሁለቱም ጫፍ 2 ሜትር የሚሰፉ ሁለት ሁለት በሮች በኮን። ተከላካዩ ኳሱን ያቀብልና ይወጣበታል፣ አጥቂው ከሁለቱ በሮች አንዱን መርጦ እየነዳ ያልፋል። ተከላካዩ ከነጠቀ በተቃራኒው በር መውጣት ይችላል። 30 ሰከንድ ሥራ፣ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ዕረፍት፣ ስምንት ዙር። ዕረፍቱን አትቀንሱ፤ የደከመ ልጅ አቅጣጫ መቀየሩን ትቶ በጉልበት መግፋት ይጀምራል። የልምምዱ ቁም ነገር ያለው ኳሱ ሲነጠቅ ነው፦ ዞሮ ማሳደድ ግድ ይሆንበታል፣ ማንም ሳይጮህበት።

ሁለተኛው 40 በ30 ሜትር ላይ አምስት ለአምስት ነው። በተጋጣሚ ሲሶ ሰው ታልፎ የተገኘ ጎል ሁለት ይቆጠራል። ኳስ ያጣ ቡድን ውስጥ ያጣው ልጅ በ5 ሰከንድ ውስጥ ኳሱን የያዘውን ካልተጫነ ለተጋጣሚ አንድ ነጥብ። ሰከንዱን ከዳር የቆመ ልጅ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ኳስ ሲያጣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰማይ የሚያይ ኮከብ ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ቡድኑን ሦስት አራት ነጥብ ያስከፍላል፤ ጓደኞቹ ራሳቸው ይነግሩታል። ከዚያ አንድ ቀን እሱ ያለበትን ቡድን አምስት፣ ሌላውን ስድስት አድርጉት። የጎደለ ቡድን ውስጥ ጓደኞቹን መሳደብ ከጀመረ ጉዳዩ ወደ ጠባይ ደብተር ይሄዳል፣ ሁለት ደቂቃ ይወጣል።

እዚህ ላይ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ልምምዱን ሙሉ በሁለት ንክኪ የሚያጫውት አሰልጣኝ ሥርዓት ያለው የሚመስል ቡድን ያገኛል፤ በስድስት ወር ውስጥ ግን የሚያልፍ ልጅ አይኖረውም። ገደቡ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። ሌላው፣ ምርጡን ልጅ ሁልጊዜ ለሁለቱም ቡድን የሚያቀብል ተጨማሪ ሰው ማድረግ ነው። ኳስ ብዙ ስለሚያገኝ ደስ ይለዋል፣ ግን በዚያ ቦታ መከላከል የለም፣ ማሸነፍና መሸነፍም የለም። ስንፍናን ራሳችሁ ታስተምሩታላችሁ።

የመከላከል ሥራውን በተመለከተ ኮከቡ እንደ ሌሎቹ እስከ ፍፁም ቅጣት ምት ክልል ይመለስ ብዬ አልከራከርም። ያነሰ ግን የተለየ ሥራ ስጡት፦ ኳስ ሲጠፋ በተጋጣሚው ተከላካይ አማካይና በመሐል ተከላካዮቹ መካከል ያለውን መስመር ይዝጋ፣ ማዕዘን ምት ሲመታብን ግማሽ ሜዳ ላይ ይቆይ። ይህ በቡድኑ ፊት፣ በሰሌዳ ላይ ይነገር። ሳይነገር ሲቀር የቀኝ ተከላካዩ «እሱ ለምን አይመለስም?» እያለ ሰባ ደቂቃ ይበግናል። ሲነገር ግን የሥራ ክፍፍል ነው።

አምበልነትን ለኮከቡ በጉቦ መልክ አትስጡ። ሁለት አምበል፣ አንዱን ልጆቹ የሚመርጡት፣ አንዱን እናንተ።

እውነት ተሰጥኦ ነው ወይስ ዕድሜ?

ይህ በእኛ አገር ታዳጊ እግር ኳስ ውስጥ ትልቁ ጉዳይ ነው፣ በዲሲፕሊን ጥያቄ ውስጥም ቀጥታ ይገባል። ብዙ ጊዜ «ልዩ ነው» እየተባለ የሚታለፈው ልጅ ልዩነቱ ቁመቱና ፂሙ ነው። የ13 ዓመት ልጆች ውስጥ ቀድሞ ያደገ፣ ወይም ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ዕድሜ የሚበልጥ ልጅ፣ ኳሱን ወደፊት ገፍቶ በመሮጥ ብቻ ሁሉንም ያልፋል። ፊፋ ከ2009ኙ የናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ እያስመረመረ ዕድሜ የሚፈትሸው በዚሁ ምክንያት ነው። እናንተ ኤምአርአይ የላችሁም፣ ግን በሳምንት አንድ ቀን ልጁን ከ17 ዓመት በታቾች ጋር ማጫወት ትችላላችሁ። ከእኩያ ጉልበት ጋር ሲገናኝም ሰው ካለፈ ችሎታ አለው። እዚያ ከጠፋ፣ ስታባብሉት የኖራችሁት ጉልበቱን ነው። ጓደኞቹ በ17 ዓመታቸው ሲደርሱበት ልጁ ጉልበቱ አይበልጥ፣ ሰዓት አያከብር፣ ማቀበል አይችል፤ እሱን ስታስቀድሙ ወንበር ላይ የቆዩት ትንንሾቹ ደግሞ ያኔ ሄደዋል።

የልደት ወርም ይታይ። የዕድሜ ክልል በጃንዋሪ 1 ስለሚቆረጥ በእኛ አቆጣጠር መስመሩ በታኅሣሥ 23 ገደማ ላይ ያልፋል። በጥርና በየካቲት የተወለዱት የቡድኑ ታላላቆች፣ በኅዳር የተወለዱት ታናናሾች ናቸው፤ ልዩነቱ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ቋሚ አሰላለፋችሁን አውጡና የልደት ወራቸውን ጎኑ ጻፉ። አብዛኞቹ ከጥር እስከ መጋቢት ከሆኑ ምርጫችሁን እንደገና አስቡበት። በየሦስት ወሩ ቁመት ለኩ፤ በአንድ ጊዜ የተመዘዘ ልጅ ለጥቂት ወራት እግሩ አይታዘዝለትም፣ ጉልበቱንም ያመዋል። ይህን «አቋሙ ወረደ፣ ኳስ ጠገበ» ብሎ መቅጣት ግፍ ነው።

ወላጅና ደላላ

ወላጆችን በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሰብስቡ። አምስቱን ሕጎች ከነዋጋቸው ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ማንበብ የማይችሉ ስላሉ ወረቀት ማደል ብቻውን አይበቃም። አስፈርሟቸው። በግጥሚያ ቀን ወላጅ ከቡድኑ ወንበር በተቃራኒው ዳር ይቁም፤ ከጎል ጀርባ ሆኖ ልጁን የሚያሠለጥን አባት የእናንተን ዝምታ ያፈርሰዋል።

የኮከቡ አባት መምጣታቸው አይቀርም። «ቡድኑን የሚያሸንፈው የእኔ ልጅ አይደል? እሱን አስቀምጠህ ማንን ልታጫውት ነው?» ይላሉ። ስለሌላ ልጅ አታውሩ፣ ስለ ውጤትም አትከራከሩ። ደብተሩን ክፈቱ፦ «አባባ፣ በ4፣ በ13 እና በ22 የደረሰበት ሰዓት ይኸው። የፈረሙበት ወረቀትም ይኸው። እሑድ ከዕረፍት በኋላ ይገባል፣ ማክሰኞ በሰዓቱ ከመጣ ለቀጣዩ ይጀምራል።» አንዳንዱ አባት በዚያው ልጁን ሊገርፍ ይነሳል። ያንን አስቀድማችሁ ገምቱ፤ «ቅጣቱ እዚሁ ሜዳ ላይ አልቋል፣ ቤት ድረስ አይሂድ» ማለት አትርሱ።

«ወደ ውጭ እልከዋለሁ» የሚል ሰው ልጁን መክበብ ከጀመረ ዲሲፕሊኑ በሳምንት ይፈርሳል፣ ልጁ በሐሳቡ ሄዷልና። ለቤተሰቡ አንድ ነገር ንገሩ፦ የፊፋ የዝውውር ደንብ፣ ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዲዛወር አይፈቅድም። ለ15 ዓመት ልጅ ገንዘብ ከፍለው ፓስፖርት የሚያስጨርሱ ቤተሰቦች ይህን ሰምተው አያውቁም።

ሲለያዩ

ሁሉም ልጅ አይያዝም። ትንንሾቹን የሚደበድብ፣ ወይም የጓደኞቹን ዕቃ የሚሰርቅና በተደጋጋሚ ተነግሮት ያልተወ ልጅ፣ ችሎታው ምንም ያህል ቢሆን ከሌሎቹ ጋር ሊቆይ አይችልም። ማርፈድ፣ ማኩረፍ፣ ኳስ አለመልቀቅ ግን ማሰናበቻ ምክንያት አይደሉም፤ እነሱ የደቂቃ ጉዳዮች ናቸው። ውሳኔው በግጥሚያ ማግስት አይሁን። ከወላጁ ጋር፣ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ ልጁ ባለበት ይነገር። ከዚያ ሊቀበለው የሚችል ሌላ አሰልጣኝ ፈልጉለትና ራሳችሁ ደውሉ። የቁመት መለኪያውን፣ የተጫወተበትን ደቂቃ፣ የካርዱን ቁጥር፣ የሙከራ ወረቀቶቹን አስረክቡ፤ የሄደበትንም ምክንያት ሳትቀንሱ ንገሩ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ትንንሾቹን ከማን ጋር እንደሚያስቀምጥ ማወቅ አለበት።